አያ ሞላልኝ በባላምባራስ ቤት ያደረ ጊዜ

አያ ሞላልኝ ከአገር አገር እየዞረ የሚለምን ሰው ነበር አሉ። ልብሱ ቡትቶ ነው፤ ምላሱ ግን ምላጭ። በዚያ ዘመን በእኛ በጭንጫ አምባ፣ የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ፊት አይነሳም። የመለሰውን ሰው አገር ሁሉ ያማዋል።

አንድ የሐምሌ ምሽት በረዶ ወርዶ ወንዙ ሞላና አያ ሞላልኝ መሻገር አቃተው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ቤት የባላምባራስ ወንድይፍራው ብቻ ነው። ባላምባራስ ደግሞ ስስታቸው የታወቀ ነው። እዚያ ካላደረ ብርዱ ይገድለዋልና በራቸውን መታ።

«ማነህ?» አሉ ባላምባራስ ሳይከፍቱ።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

«የእግዜር ከሆንክ እግዜር ቤት ሂዳ!»

«እዚያማ ነበርኩ ጌታዬ። ‹ያለኝን ሁሉ ለባላምባራስ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱን ጠይቅ› ብሎ ሰደደኝ።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ተዋቡ ሳቃቸው አመለጣቸውና በሩን ከፈቱ።

እንደ ወጉ ወይዘሮ ተዋቡ የእንግዳውን እግር ሊያጥቡ ውሃ አቀረቡ። ባላምባራስ ተቆጡ። «ደግሞ ለለማኝ እግር ይታጠባል?»

«አይቆጡ ጌታዬ፤ ጭቃው የርስዎ መሬት ነው። ይዤብዎት እንዳልሄድ ነው።»

እራት ቀረበ። እንግዳ ጥቂት ቀምሶ «በቃኝ» ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ «በሞቴ» እያለ ይለምነዋል፤ ወጉ ይኸው ነው። አያ ሞላልኝ ገና ሁለት ሦስቴ እንደጎረሰ «በቃኝ» አለ። ባላምባራስ ሚስታቸውን አፍረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብላ እንጂ በሞቴ» አሉት። እሱም መሶቡን ወደራሱ ሳበና ጠርጎ በላው።

«አንተ ሰው፣ አታፍርም? ለወግ ያህል በሞቴ ቢሉህ ለነገ እንኳ አታስተርፍም?»

«ምን ላድርግ ጌታዬ! በሞትዎ አስምለውኝ ባስተርፍ፣ ነገ ባላምባራስን ማን ገደላቸው ሲባል ምን እላለሁ?»

ሲነጋ ወንዙ አልጎደለም። ባላምባራስ ግን የምሳው ነገር ገና በጠዋቱ አስጨንቋቸዋል። «በል ተነስ፤ ዋና ታውቅ እንደሆነ ዋኝ። የለማኝ ምርቃት ይደርሳል ይላሉና መርቀኝና ውጣ» አሉት።

አያ ሞላልኝ እጁን ዘረጋ። «እግዜር በሰማይ ቤት የኔ እንግዳ ያድርግዎት። እኔም ልክ እርስዎ እንዳስተናገዱኝ ላስተናግድዎት!»

ወይዘሮ ተዋቡ «አሜን» አሉ። ባላምባራስ ግን ወንዙን አዩት፣ እሱን አዩት፣ እንደገና ወንዙን አዩት።

«እሺ፣ ወንዙ እስኪጎድል ሰንብት» አሉ በመጨረሻ። «ግን ያንን ምርቃት ለውጥልኝ።»

«ምሳውን ልየው ጌታዬ።»