የተወዳጁ ፊታውራሪ አጃቢ

ፊታውራሪ አንዳርጌ በበቅሎ ገበያውን ሲያቋርጡ ከገበያተኛው መሃል የድንጋይ ናዳ ወረደባቸውና ለጥቂት ተረፉ። በማግስቱ ዒላማ የማይስት አንድ ጭሰኛቸውን አስጠርተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ አጃቢዬ ነህ» አሉና ሦስት ሽጉጥ ደረደሩለት።

«ከኩታህ ሥር የሚሰወረውን አንዱን ምረጥ። ሕዝቡ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወደኝ፤ መሣሪያ አይቶ እንዳይቀየመኝ።»

ጭሰኛው እንቢ ቢል መሬቱን ሊነጠቅ፣ እሺ ቢል በጎረቤቶቹ ላይ ሊተኩስ ነው። ትንሹን ሽጉጥ አነሳ፤ መካከለኛውን ጨመረ፤ ትልቁንም ወገቡ ላይ ሻጠው።

«አንተ! አንዱን ምረጥ አልኩህ እንጂ ግምጃ ቤቴን ዝረፍ አልኩህ?» ብለው ጮኹ።

ጭሰኛው እጅ ነስቶ፣ «ጌታዬ፣ የሚጠላዎ አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ትንሹ ይበቃኝ ነበር» አለ። «የሚወድዎ ግን አገር ሙሉ ሆነብኝ!»