ሰሌዳ ላይ የጠፋው መዝገብ

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ስሙን ልተወውና በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች የተግባር ፈተና ነበራቸው። ኮምፒውተሮቹ ከመጡ ዓመት አልፏል፤ ግን የርክክብ ኮሚቴው አልፈረመምና ክፍሉ እንደታሸገ ነው። መምህር አቤሴሎም ታዲያ ምን ቸገረው፣ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ኮምፒውተር እየሳለ አስተማረ። ፈተናውም እዚያው ሰሌዳ ላይ ሆነ።

ተማሪው ወጥቶ የተሳለውን ነገር በጣቱ ይነካል፤ መምህሩ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ «ተከፈተ» ወይም «እምቢ አለ» ይላል። ኮምፒውተሩ እንግዲህ እሱ ራሱ መሆኑ ነው። ሰሌዳው ላይ የሆነው ሁሉ በእውነት እንደሆነ ይቆጠራል ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቋል። በማርክ ቋጣሪነቱ ደግሞ የሚያህለው የለም፤ ግማሽ ነጥብ ሲሰጥ ከሥጋው ቆርጦ የሚሰጥ ይመስላል። መጀመሪያ የወጣችው ልጅ ሁሉንም በትክክል ነክታ ስታበቃ፣ ማብሪያውን ሳትጫን ነው የጀመረችው ተብላ አምስት ነጥብ ተቀነሰባት።

ቀጥሎ ጋሽ መንገሻ ተጠሩ። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ስምንቱን ዓመት በወረዳው መዝገብ ቤት ነው ያሳለፉት። አዲስ መመሪያ መጣና፣ በዚህ ክረምት ዲግሪ ካላመጡ ቦታውን ለሌላ ሰው ያስረክቡ ተባሉ። የቀረቻቸው ይቺ ፈተና ብቻ ነበረች። ከአርባ ሃያ ካላገኙ አለቀላቸው።

መምህሩ አንድ ትልቅ ሳጥን ሳለና የተማሪዎች መዝገብ ነው፣ የሁላችሁም ስምና ማርክ እዚህ ውስጥ አለ ብላችሁ ቁጠሩት አለ። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ጨመረና ጻፈባቸው፤ አንዷ የተስተካከለውን ማስቀመጫ፣ አንዷ መዝገቡን ማጥፊያ። ጋሽ መንገሻን የራሳቸውን ስም ፈልገው የትውልድ ዘመናቸውን እንዲያስተካክሉና እንዲያስቀምጡ አዘዛቸው። እሳቸውም ስማቸውን አገኙ፣ ዘመኑንም አስተካከሉ። መጨረሻ ላይ ግን የመምህሩ ጽሑፍ እንኳን ለእሳቸው ለወጣቶቹም የማይነበብ ነውና፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ማጥፊያዋን ነኩ።

መምህር አቤሴሎም ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሰው ፈገግ አለ።

«ጋሽ መንገሻ፣ መዝገቡን በሙሉ አጠፉት። የአንድም ተማሪ ስም አልተረፈም። ዜሮ ነው የምሰጥዎት።»

ተማሪው ሁሉ ጋሽ መንገሻን ይወዳቸዋልና አዘነላቸው። እሳቸውም መጀመሪያ ክው አሉ። ቆይተው ግን ሃያ ስምንት ዓመት ባለጉዳይ ባስተናገዱበት ትሕትና፣ በእውነት ጠፍቷል ወይ፣ ሌላ ቦታስ ቅጂ የለውም ወይ ብለው ጠየቁ። መምህሩም የለውም፣ ሰሌዳው ላይ የሆነው ሆኗል፣ ደንቡን ነግሬያችኋለሁ አለና እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

«እንግዲያውስ መምህር፣» አሉ ጋሽ መንገሻ፣ «ዜሮውን የማን ስም ላይ ሊጽፉት ነው? መዝገቡ ጠፍቷል ካሉ መንገሻ የሚባል ተማሪ የለዎትም፤ የሌለ ሰው ደግሞ አይወድቅም። የለም፣ ሥዕል ነው፣ ስምዎ አለ ካሉኝም፣ ሥዕል ነክቶ ከሥራው የተባረረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

መምህሩ ሰሌዳውን አየ፣ የማርክ ወረቀቱን አየ፣ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ አየ። ከዚያ ልክ ሃያ ሰጣቸው፤ ግማሽ ነጥብ እንኳ ሳይጨምር።