ከአሮጌው ያልተፈታው ኪቦርድ

«አባባ፣ ከእህቴ ጋር በሽማግሌ ታርቀናል። ደግ ነገር ስነግራት ግን ቃሌ አይገባትም። ለምን ይሆን?» ብላ አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ ጠየቀች። ሽማግሌውም እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ፤ የእድር ጸሐፊ። የእድሩ ዳኛ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ አዲስ ኮምፒውተር አመጡለትና አሮጌው ከግድግዳው ማዶ ወደ እሳቸው ክፍል ገባ። ጸሐፊው ገመድ አልባ ኪቦርዱን ግን አልሰጠም። እጁ የለመደው ነዋ።

አንድ ቀን ከእድርተኞቹ አንዲት እናት ዐረፉ። ጸሐፊው በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን ሊጽፍ ተቀመጠ። ቢመታ ቢመታ አንድ ፊደል አልወጣም። ባትሪ ቀየረ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ምንም የለም። የቀብሩ ሰዓት ሲቃረብ ንዴቱ ገነፈለ። ማን ያየኛል ብሎም የኮምፒውተሩ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ላይ አፍጥጦ እንዲህ ሲል መታ፦ «ዳኛው ደንቆሮ ነው። ይህን ግዑዝ አምጥቶ ጫነብን። ለሬሳ እንኳ አይሆንም።»

ትንሽ ቆይቶ ከማዶ «ጸሐፊ፣ እስቲ ወዲህ ና» የሚል ድምፅ ሰማ።

ገባ። ዳኛው የለቅሶውን ማስታወቂያ በአሮጌው ኮምፒውተር ገና መክፈታቸው ነበር፤ ለሟቿ ልጆች እያሳዩ ነው። ከእናትየዋ ስም ሥር የገዛ ቃሉ ተጽፎ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለእናታችን ነው?» አለች ታላቂቱ ልጅ።

«የለም ልጄ፣ ደንቆሮውስ እኔ ነኝ» አሉ ዳኛው።

ጸሐፊው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ኪቦርዱን በእጁ አስቀረ እንጂ ከአሮጌው ጋር ያለውን ትስስር አልፈታም ነበር፤ የመታው ሁሉ የሚሄደው ወደዚያው ነበር። ይቅርታ ለምኖ በልጆቹ ፊት የኪቦርዱን ስም ከአሮጌው ላይ ሰረዘ። ወደ ክፍሉ ተመልሶ የኪቦርዱን የማገናኛ ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ አዲሱ ኮምፒውተር ተቀበለው። የእናትየዋን ታሪክ ጽፎ አደረሰ፤ በቀብሩ ላይ ሲነበብም ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ሰማ።

ልጄ፣ አንቺም እጅሽን ወደ እህትሽ ዘረጋሽ፤ ከአሮጌው ቂም ግን አልተፈታሽም። የምትናገሪው ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል። ተመልሰሽ እሱን ፍቺ። እዚያ ስትደርሺ ታፍሪያለሽ፤ እፈሪ፣ ግድ የለም። ጸሐፊውም ፊደሉ የወጣለት ካፈረ በኋላ ነው።