ሁለተኛው ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ተዋበች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ትኖር ነበር። የቤቷ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ አንገቷ ላይ፤ ሁለተኛው፣ የባሏ የነበረው፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ። ሳያንኳኳ የሚገባባት ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ወደቀች። ቅልጥሟ ተሰበረ።

ያኔ የሟች እህቷ ሦስት ወንዶች ልጆች መመላለስ ጀመሩ። በሩ ሳይቆለፍ ይውላል፤ እነሱ ግን ሳያሰሙ አይገቡም። ሽመክት በቡጢ ይደበድባል። አንተነህ በጥፍሩ ይነካል። ሦስተኛው፣ ልንገርህ፣ አያንኳኳም፤ «ቤቶች» ብሎ ይጣራል።

«በእግሬ ስቆም» አለቻቸው፣ «ያቆመኝ ያንን የሚስማሩን ቁልፍ ይወስዳል።»

«ከነቤቱ?» አለ ልንገርህ።

«ከነጭቅጭቄ።»

ተዋበች አስም አለባት። እስቴሮይድ የሚባለውን ክኒን ካልዋጠች ደረቷ ይዘጋል። ክኒኑ ሲጠፋ ከተማውን አስሶ የሚያመጣው፣ በጠርሙስ ክዳን አድርጎ ራስጌዋ የሚያኖርላት ሽመክት ነው። «መጀመሪያ ትንፋሽ» ይላል፤ «እግር ይደርሳል።»

እግሩ አልደረሰም። ወራት አለፉ፣ አጥንቱ አልያያዝ አለ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ።

«አጥንት እንዲገጥም ቀጫጭን አዲስ የደም ሥሮች ወደ ስብራቱ ማደግ አለባቸው። ይህ ክኒን ያዘገያቸዋል። ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። በራሱ ፈቃድ የሚነካው እንዳይኖር።»

ሽመክት ለትንፋሿ ፈርቶ፣ ሐኪሙ ቀንስ ያለውን ምንም አልቀነሰም።

አንተነህ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚሉት ነገር አይሆንለትም። ለማንም ሳይናገር ክኒኑን እየሰበረ ግማሹን ከክዳኑ ያነሣ ጀመር። በሚቀጥለው ራጅ በስብራቱ መሀል ደመና የመሰለ ነገር ታየ። አዲስ አጥንት።

በዚያው ሰሞን ደረቷ ተዘጋ። አጠገቧ የነበረው ልንገርህ ብቻ ነው። ክኒን ገዝቶ አያውቅም፤ ስለ ደም ሥርም የሚያውቀው የለም። ሥራ ፈት ስለሆነ ቁጭ ብሎ ያወራታል። ያን ዕለት ግን ሐኪም ቤት ሊያደርሳት አዝሏት አራቱን ፎቅ ወረደ።

«እትዬ፣ ከብደዋል።»

«ያወፈረኝ... ክኒኑ ነው» አለች፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ።

ተረፈች። አንተነህ ያደረገውን ተናዘዘ። ሐኪሙ አንዱን ስለ ድፍረቱ፣ ሌላውን ስለ ፍርሃቱ ተቆጣ፤ መጠኑንም ራሱ እየተከታተለ ቀነሰው። አጥንቱ ገጠመ።

ተዋበች በሁለት እግሯ ቆማ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደች።

«ትንፋሽ ባይኖር እግር ለማን ነበር?» አለ ሽመክት።

«እግር ባይኖር ማን ከአልጋ ያነሣዎት ነበር?» አለ አንተነህ።

«እኔ ድሮም አላንኳኳም» አለ ልንገርህ።

ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ሞቀ። አሁን ድናለች፤ የሚያመላልሳቸው ሰበብ የለም። አንዱ ቁልፉን ከወሰደ ሁለቱ ተቀይመው ይቀራሉ፣ ድምፃቸውም ከበሩ ላይ ይጠፋል፤ ካልሰጠችም የሦስቱም ሳይጠፋ አይቀርም።

እናንተ ሰሚዎች፣ እስቲ ፍረዱ፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?