የአፋፉ ወንዴ ኮሶ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የምነግራችሁ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገና ሳይመጣ የሆነ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ዋሻ ራስ በምትባል ደጋ መንደር ይመኙሻል የምትባል ኮሶ ሻጭ ነበረች። ስሟ ይመኙሻል ይሁን እንጂ የምትሸጠውን የሚመኝ አልነበረም። ሰው ጥሬ ሥጋውን ይበላል፤ በሁለት ወሩ ደግሞ ትሉን ለማውጣት መራራውን የኮሶ አበባ ወቅጦ ይጠጣል። ሲጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሲሻለው ሻጯን ይሰድባል።

ኮሶ እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው። ሴቴዋ ቀይ አበባ ታንዠረግጋለች፤ መድኃኒቱም ከእሷ ነው። የወንዴው አበባ ደብዘዝ ያለ ነው፤ የሚፈልገው የለም። የዋሻ ራስ ሰዎች ይህን አዩና ብልህ የሆኑ መሰላቸው። ‹‹የምትጠቅመውን እናቆይ፣ የማይጠቅመውን እንቁረጥ›› አሉ። ወንዴውን ለቤት ቆረጡ፤ ለአጥር ቆረጡ፤ ለማገዶ ቆረጡ። በመጨረሻ ከመንደሩ በላይ፣ ነፋስ በሚወርድበት አፋፍ ላይ አንድ ወንዴ ብቻ ቀረ።

ይመኙሻል አበባ ለማውረድ ከዛፍ ዛፍ ስትዞር የኖረች ናትና ከዛፉ ሥር ያለውንም ታያለች። ወንዴው ባለቀበት ሰፈር ሁሉ ከቀያዮቹ ሥር ችግኝ መብቀል አቁሟል። ‹‹ይህ አንዱ ከተቆረጠ ኮሶ ከእኛ ጋር ያልቃል›› አለች። የሰማት የለም።

መጀመሪያ የመንደሩ ጭቃ ሹም እንግዳወርቅ መጣ። ለአዲስ ቤቱ ምሰሶ ይፈልግ ነበር።

‹‹ጌታዬ፣ ይህን አይቁረጡብኝ›› አለችው።

‹‹ምን ይሠራልሻል? አበባው አይጠጣ!››

‹‹ምሰሶ ከሆነ የፈለጉት የእኔን ይውሰዱ።››

የጎጆዋ ምሰሶ ወይራ ነበር። ጭቃ ሹሙ ወይራ ተሰጥቶት እምቢ የሚል ሰው አልነበረም። ምሰሶውን ነቅለው ወሰዱ። ጎጆዋ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደች። በዚያ ክረምት ዝናቡ ከደጅ ይልቅ እቤቷ ይበረታ ነበር ይባላል። ወንዴው ግን ቆመ።

ሁለተኛ የጭቃ ሹሙ እናት ሞቱና ተዝካራቸው ደረሰ። ለድግሱ ማገዶ ጠፋ። ሰዎቹ መጥረቢያቸውን ስለው መጡ።

‹‹ዛሬስ ምን ልትሰጪን ነው? ምሰሶ እንኳ የለሽም!›› ብሎ አንዱ ሳቀ።

‹‹ተዋት እባክህ›› አለ ሌላው፤ ‹‹ባል ያጣች ሴት ወንዴ ዛፍ ብታቅፍ ምን ይገርማል?››

‹‹ከእናንተ ይሻላል›› አለች ይመኙሻል፤ ‹‹እሱ ሲናገሩት ይሰማል።››

ከዚያ ማገዶውን እኔ አመጣለሁ አለች። ሰባት ቀን ቆላ ወረደች፤ ሰባት ቀን የግራር ጭራሮ ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ተዝካሩ ተበላ። ጀርባዋ ከዚያ ወዲህ አልተቃናም። ወንዴው ግን ቆመ።

ዓመታት አለፉ። ቀያዮቹ ኮሶዎች አረጁ፤ አንዱ በበረዶ፣ ሌላው በምስጥ ወደቀ። ወንዴው በሌለበት አልበቀለም፤ ነፋሱ በሚደርስበትም አበባው ተለቅሞ፣ ቡቃያውን ከብት በልቶት የሚተካቸው ጠፋ። ሰው ሆዱን እየያዘ መጨነቅ ጀመረ። ያኔ ጥፋተኛ ተፈለገ፤ ጥፋተኛ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ‹‹ዓይኗ ነው ያደረቃቸው። ያንን መካን ዛፍ እያቀፈች ሌላውን አመከነችብን›› አሉ። በጥር ወር መንደሩ በሙሉ መጥረቢያ ይዞ ወጣ።

ይመኙሻል የምትሰጠው አልቀራትም። ስለዚህ ራሷን አስያዘች።

‹‹ጌታዬ›› አለችው ለጭቃ ሹሙ፣ ‹‹ሁለት ቀይ ኮሶ ይምረጡ። አንዷ ነፋስ የዚህን ዛፍ ብናኝ የሚያደርስላት ትሁን፤ ሌላዋ ከተራራው ጀርባ ያለችው። አበባቸውን ማንም አይንካ፤ እኔም አልለቅምም። የሁለቱንም ግርጌ እጠሩት፤ ከብት አይግባ። እስከ መስከረም በሁለቱም ካልበቀለ፣ ወይም በሁለቱም ከበቀለ፣ ዛፉን ቁረጡ፤ እኔም አገሩን እለቃለሁ።››

ጭቃ ሹሙ አሰበ። ኮሶ ከጠጣ አምስት ወር አልፎት ስለነበር ሆዱም አብሮ አሰበለት። ‹‹እጠሩ›› አለ።

አበባ ያልሸጠች ኮሶ ሻጭ ምን እንደምትበላ የጠየቃት የለም። ጎመን በላች፤ ጎመኑ ሲያልቅ ሳማ ቀቀለች። በየቀኑ አጥሮቹን ዞራ ታያለች። ሰኔ ዘነበ፣ ሐምሌ ዘነበ፣ ነሐሴ ዘነበ።

በመስከረም ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ከተራራው ጀርባ ሄዱ። አጥሩን ከፈቱ፤ ሣር ብቻ ነበር። ‹‹ይኸውላችሁ!›› ብሎ የሚጮህ አልጠፋም። ከዚያ ነፋስ ወደሚደርሳት ዛፍ መጡና አጥሩን ከፈቱ። ጭቃ ሹሙ ለመግባት እግሩን አነሣ፤ መልሶም አወረደው። የሚረግጥበት አልነበረም። ከሣሩ መካከል ጣት የማያህሉ የኮሶ ችግኞች እንደ ጎመን መደብ በቅለው ነበር።

 ከዚያ ጭቃ ሹሙ መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠና ‹‹እንዴት አወቅሽ?›› አላት።

‹‹ጎንበስ ብዬ ስለምሄድ ነው›› አለች።

እነዚያ ችግኞች አበባ እስኪይዙ ይመኙሻል አልኖረችም። እነሱ ግን ዋሻ ራስን ዙሪያውን ሞሉት። እስከ ዛሬ የዚያ አገር ሰው መሬት ሲመነጥር ምን እንደሚጠቅም ያላወቀውን አንድ ዛፍ ይተዋል፤ እንዳይቆረጥም ግንዱን ለምልክት በሣር ገመድ ያስረዋል። መንገደኛ አይቶ ‹‹ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?›› ብሎ ሲጠይቀው፣ ባለመሬቱ ከሥራው ቀና ሳይል እንዲህ ይመልሳል፦ ‹‹እኔ አላውቅም፤ ይመኙሻል ታውቃለች።››