ያልተቀመሰው ሶስ

አንዲት ሴት ነበረች። ቻይናዎች መንገድ በሚሠሩበት ካምፕ ኩሽና ውስጥ ለሁለት ዓመት ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሳህን ስታጥብ ኖራለች። ዋናው ምግብ አብሳይ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የካምፑ ኃላፊ ሚስተር ዣንግ አስጠራት። ቻይናዎቹ የሚወዱትን፣ ማር እየተቀባ የሚጠበሰውን ቀዩን የአሳማ ጥብስ ማንም ሳያግዛት ቤቷ ሠርታ ማክሰኞ ለምሳ እንድታመጣ ነገራት። ከጣመው ኩሽናው የእሷ ነው። ካልጣመው ከከተማ ሌላ ሰው ይመጣል።

ሴትየዋ አሳማ አትበላም። እምነቷ አይፈቅድላትም። ሲሠራ ግን መቶ ጊዜ አይታለች። ታዲያ ምን ያስፈራታል?

ሰኞ ከሰዓት ቤቷ ሆና ከካምፑ ባመጣችው ቢላ ሥጋውን በቁመቱ ሸነሸነችው፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩት ጎረቤቶቿ አሳማ ዕቃቸውን እንዳይነካ አስጠንቅቀዋታል። ሶያ ሶስ የሚሉትን ጥቁር የአኩሪ አተር ፈሳሽ፣ ማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ያንን ኮከብ የሚመስል ቅመም ቀላቀለች። ከዚያ ወጥ የለመደው እጇ ጨው ዘግኖ ጨመረ። ሥጋ ያለ ጨው ይሆናል እንዴ? ከሶሱ ግማሹን ሲጠበስ ለመቀባት በኩባያ አስቀረች። በቀረው ሥጋውን ዘፈዘፈችው።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃታት። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጎንበስ ብላ ታሸታለች። በዛ ትላለች፤ አነሰ ትላለች። ምኑ እንደበዛ፣ ምኑ እንዳነሰ ግን አታውቅም። እንዲህ ሆናችሁ አታውቁም?

ማክሰኞ ጠዋት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ከሰል አቀጣጥላ በዙሪያው ስትንቆራጠጥ ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ከደጃፋቸው ሆነው ይመለከቷታል።

«የሻረግ፣ ምጥ ነው እንዴ የያዘሽ?» አሏት።

የሻረግ የጨነቃትን ነገረቻቸው። ጥሞ ይሁን አይሁን የምታውቅበት መንገድ እንደሌላት ነገረቻቸው።

«እሺ፣ አሳማው አይቀመስ። በኩባያው ያለውስ?»

«እሱማ ሶሱ ነው፣ እትዬ።»

«ሥጋው ነክቶታል?»

«ኧረ አልነካውም።»

«ታዲያ ማርና ዝንጅብል መቅመስ ማን ከለከለሽ?»

የሻረግ ኩባያውን አነሳች። ጣቷን ነክራ ላሰችው፤ ፊቷ ተጨማደደ። ጨው። ጨው ብቻ! ሶያ ሶሱ ራሱ ጨዋማ መሆኑን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርሙሱን ስታቀብል አላወቀችም።

ሥጋውን በውሃ አለቃልቃ አደረቀችው። ለመቀባት ማርና ዝንጅብል እንደ አዲስ በጠበጠች፤ አሁን ቀመሰችው። ሥጋውን በሽቦ አንጠለጠለች። ቀባች፣ አዞረች፣ ደግማ ቀባች፤ ጠርዙ ጠቆር እስኪል፣ ላዩ እስኪያብረቀርቅ።

ለምሳ ካምፑ ይዛለት ሄደች፤ ሚስተር ዣንግ አንድ ቁራጭ አላመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያላመጠው። እሷ ቆማ አገጩን ታያለች።

«ማር ጥሩ። ጨው ትንሽ በዛ» አለ። ቀና ብሎ አያት። «ቀምሰሻል?»

አዎ ብትል ማን ያውቅባታል?

«ሶሱን ቀምሻለሁ፤ ግን ዛሬ ጠዋት ነው፣ ዘግይቼ። ሥጋውን አልቀምስም። እሱን እርስዎ ይቅመሱልኝ» አለችው።

ሰውየው ሁለተኛ ቁራጭ አነሳ። ሦስተኛም አነሳ። ከዚያ የኩሽናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሶስ አንቺ። ሥጋ እኔ» አላት።

ወገኖቼ፣ ያችን ሴት እንዲያ ያንቆራጠጣት ምን ነበር? የማትችለው ነገር ነው? አይደለም። አንዱን መቅመስ ስላልቻለች ሁሉንም ሳትቀምስ መተዋ ነው።

እናንተስ? ልጆቻችሁን ታረቁ ትላላችሁ፤ እርቅን ቀምሳችኋል? የታመመውን ሰው ጸልይ ትሉታላችሁ፤ ዛሬ ጠዋት እናንተ ጸልያችኋል? ለሌላው የምታቀርቡትን ስንት ዓመት ስታቀብሉ ኖራችሁ፣ ጣዕሙን ሳታውቁት?

አሁን እንኳ ወንበሩ ላይ የምትቁነጠነጡ አላችሁ። ከወንድማችሁ ጋር ከተኳረፋችሁ ዓመታት አልፈዋል። ይቅር ይለኝ ይሆን? ስልኩን ያነሳው ይሆን? እያላችሁ ክዳን ትከፍታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። የእሱን ልብ መቅመስ አልተሰጣችሁም። እሱን ለእሱና ለእግዚአብሔር ተዉት።

ስልካችሁ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ከዚህ በር እንደወጣችሁ፣ አስፋልቱን ሳትሻገሩ፣ ደውሉ።