አያ ጅቦ እና ምክትሉ ስልክ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ ስልክ ያልነበረው አያ ጅቦ ብቻ ነበር። ንቆት አይደለም። ቀን ቀን ይተኛል፣ ማታ ማታ ይበላል፤ በሁለቱ መካከል ከማንም ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ አልነበረውም።

በዚያ ዓመት ግን ጉዳይ መጣ። ጌታው አንበሳ በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ትልቅ ድግስ ይደግሳል። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሥጋው እዚያው ይበላል፣ አጥንቱን ግን እንግዳው ለክረምት ስንቅ ይዞ ይሄዳል። ድሮ አጋፋሪው ከርከሮ በጠራራ ፀሐይ በየጉድጓዱ እየዞረ ይጣራ ነበር። አያ ጅቦ በዚያ ሰዓት እያንኮራፋ ስለሆነ ካቻምናም አምናም ድግሱ አመለጠው። ያለፈውን ክረምት እሱና ሚስቱ እመት ጅቢት እንዴት እንዳሳለፉት ባይነሳ ይሻላል። የአሮጌ ጫማ ሶል ሳይቀር ቀምሰዋል።

ከርከሮም ኮቴው አለቀና ዘንድሮ አዲስ ደንብ አወጣ። ጥሪው በስልክ ሆነ። ስልኩን አንስቶ «አቤት» ያለ ተጠራ፤ ያላነሳ ቀረ። እንግዳው በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከርከሮ እንደገና ይደውላል፤ ስልኩ የጮኸለት ይገባል።

«ስማኝ አንተ» አለችው እመት ጅቢት፣ ከዋሻው ጣሪያ ሥር የሰቀለችውን ቋንጣ እያገላበጠች። ያንን ቋንጣ ያጠራቀመችው ከባሏ አፍ እየነጠቀች ነው። «ይኼ ብቻውን ክረምቱን አያሻግረንም። የአንበሳ ድግስ አጥንት ከተጨመረበት ግን እንኖራለን። ያን የፍየል ቆዳ ይዘህ ሂድና ስልክ ግዛ። የሚጮህ ይሁን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«የሚጮህ» አለ አያ ጅቦ እንዳይረሳው። መንገዱን ሙሉ «የሚጮህ፣ የሚጮህ» እያለ ሄደ።

እመት ቀበሮ ሱቋን የከፈተችው ከአሮጌ ሾላ ሥር ነው። አያ ጅቦን ከሩቅ ስታየው ጭራዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«እንደምን ዋሉ አያ ጅቦ! ምን ልታዘዝ?»

አያ ጅቦ ግን የመጣበትን ቃል ረስቶ፣ መደርደሪያው አናት ላይ ብቻውን የተቀመጠውን የሚያብረቀርቅ ስልክ ፈዞ ያየዋል።

«ያንን!»

«ዓይንዎ አይሳሳትም፤ እሱ አውራው ነው» አለች ቀበሮ። «ጌታው አንበሳ የሚይዘው ዓይነት። በአንድ የፍየል ቆዳ ግን እሱን ማየት እንጂ መንካት አይቻልም። ይልቅ ይኼን ይመልከቱ። ምክትሉ ነው። ያው ቤት የሠራው፣ ያው መልክ፣ ዋጋው እንዲቀንስ አንዳንድ ነገር የተቀነሰለት።»

«ምን ምን ነው የተቀነሰው?»

«ለእርስዎ የማይጠቅሙ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው።»

አያ ጅቦ ተጠራጠረ። እሱ ፊት እስከ ዛሬ ጥቃቅን የሚባል ነገር ቀርቦ አያውቅም። ያን ጊዜ ቀበሮ ደወለችበት። ምክትሉ ስልክ ሲጮህ ሾላው ላይ የነበሩ ወፎች በሙሉ ብር ብለው ጠፉ፤ አያ ጅቦም የሚስቱ ቃል ትዝ አለው።

«የሚጮህ!» አለ በደስታ፣ ቆዳውን አስረክቦ።

ቀበሮ ሲም ካርድ ከተተችለት፣ እንዴት እንደሚነሳ አሳየችው፣ እሱም ቁጥሩን ለከርከሮ አስመዘገበ። ቀን ሲተኛ ስልኩን ጆሮው ሥር ያደርገዋል። ባትሪው ስንት ቀን ቢቆይ አይደክምም። እመት ጅቢት ለሙከራ ከጎረቤት ስልክ ስታስደውል አያ ጅቦ ከእንቅልፉ ዘሎ ጣሪያውን በጭንቅላቱ መታው። እሷም ረካች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ተረት አይኖርም ነበር።

አያ ጅቦ ግን ስልኩን ሌላ እንዲያደንቅለት ፈለገ። ወንዙ ዳር፣ ዋርካው ላይ፣ አዲስ ዕቃ የወጣ እንደሆነ እየመረመረች ፍርድ የምትሰጥ እመት ጦጢት ነበረች። አራዊቱ ከሥር ተሰብስበው ያዳምጧታል፤ እሷ «ጥሩ ነው» ያለችውን ይገዛሉ፣ እሷ ከንፈሯን የነከሰችበትን ይሸሻሉ። አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ ምክትሉን አቀበላት።

ጦጢት ስልኩን ገለበጠችው። አሸተተችው። በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ወገኖቼ፣ ጀርባው ፕላስቲክ ነው። የአውራው መስታወት ነው።»

«ወይኔ!» አሉ አራዊቱ። አያ ጅቦ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የስልኩን ጀርባ ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። አሁን ግን ፕላስቲክ መሆኑ እንደ ስድብ ተሰማው።

«አውራው ያለ ገመድ ኃይል ይሞላል። ይኼ ገመድ ይፈልጋል።»

«ገመድ!» አለ ከርቀት አንድ ዝንጀሮ እየሳቀ።

«አውራውን ወንዝ ውስጥ ብትጥሉት አውጥታችሁ ታወሩበታላችሁ። ይኼ ካፊያ ይችላል፤ ወንዝ ግን አይችልም።»

አያ ጅቦ ስልኩን ወንዝ ውስጥ የመጣል ሐሳብ ኖሮት አያውቅም። አሁን ግን መጣል አለመቻሉ አንገበገበው።

«አውራው ሦስት ዓይን አለው፤ ይኼ ሁለት። የጎደለው ሦስተኛው ዓይን የሩቁን የሚያቀርበው ነው። በአውራው ጨረቃን እንኳ አፍንጫችሁ ላይ ታደርጓታላችሁ።»

ይኼኛው የመጨረሻው ነበር። የሩቁን የሚያቀርብ! አያ ጅቦ ዕድሜውን ሙሉ የሩቁን ሥጋ ሲመኝ የኖረ ፍጡር ነው፤ እንዲህ ያለ ዓይን ተቀንሶ ተሸጠለት ማለት ነው። ስልኩን ከጦጢት እጅ መንጭቆ ተፈተለከ።

«ነገር ግን» አለች ጦጢት ጣቷን አንስታ፣ ምርመራዋን ሁልጊዜ የምትጨርሰው በነገር ግን ነውና፣ «ነገር ግን ጩኸቱ ከአውራው አያንስም፤ ባትሪው እንዲያውም ይበልጣል። ለመጠራት ብቻ ስልክ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።»

አያ ጅቦ ግን ያን ጊዜ ኮረብታውን አልፎ ነበር።

ዋሻው ሲደርስ እመት ጅቢት ውኃ ወርዳ አልነበረችም። ቋንጣውን ቀና ብሎ አየው። ልቡ ትንሽ ፈራ፤ ወዲያው ግን ራሱን አጽናና። ድግሱ ሊደርስ ነው፤ አጥንት በጆንያ ይመጣል፤ አጥንት ባለበት ቋንጣ ምን ይሠራል? እንዲህ እያለ ከገመዱ አወረደው። መንገድ ላይ አንዷን ዘለላ «ብላኝ» እያለች የምታለቅስ መስሎት በላት።

«መልሼዋለሁ!» አለ ቀበሮ ፊት ምክትሉን እየወረወረ። «የተቀነሰ አልፈልግም። አውራውን ስጪኝ።»

ቀበሮ ቋንጣውን አየች፣ አሸተተች፣ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። አውራውን ከመደርደሪያው አናት አውርዳ አቀበለችውና ምክትሉን አነሳች።

«ከዚህኛው ውስጥ የሚወስዱት ነገር አለ አያ ጅቦ?»

«ምን ሊኖረው!» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ። «ሁሉ ነገር የጎደለው ስልክ ነው። ያለውም ይቅርብኝ!»

ቀበሮ ደግሞ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የመጠየቅ ልማድ የላትም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአውራው ያገኘው ደስታ የሚገርም ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለ አሞራ ላይ አነጣጠረ፤ የአሞራውን ቅንድብ አየ። ጀርባውን ዳበሰው፤ መስታወት ነው። ወንዝ ውስጥ ጣለው፣ አወጣው፣ ደግሞ ጣለው። የፊቱ መስታወት አናት ላይ አንድ የማትጠፋ ጽሑፍ አለች፤ ማንበብ ስለማይችል ሰላምታ ናት ብሎ አሰበ። ጽሑፏ የምትለው «ሲም ካርድ የለም» ነበር።

እመት ጅቢት ባዶውን ገመድ ባየች ጊዜ ከጣሪያው ፈትታ ጠቀለለችው። በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ጮኾ ያውቃል?»

«ትልቅ ዕቃ ጨዋ ነው» አላት። «እንደዚያኛው በየሰዓቱ አያንጫርርም።»

እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ጅቦ ዓይኑን ሲገልጥ አራዊቱ ታጥበው፣ ተቀባብተው፣ በዋሻው ፊት ወደ አንበሳ ግቢ ሲጎርፉ አየ። ወደ ስልኩ ተመለከተ። ዝም ብሏል።

«ተነሥ እንጂ አንተ!» አለችው እመት ጅቢት ጆንያ እያስያዘችው።

«ለታላላቆች መጨረሻ ላይ ነው የሚደወለው» አለ አያ ጅቦ። ይህን እያለም ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ እንግዶቹን ተከተለ።

በሩ ላይ ከርከሮ ከእንግዶቹ ጋር ተጋፍጧል። ዝሆን መጣ፤ ተደወለለት፤ ጮኸ፤ ገባ። አህያ መጣች፤ በላስቲክ የታሰረች ባለ ቁልፍ ስልኳ ጮኸች። የተጠራችው ለመብላት እንጂ ለመበላት አለመሆኑን ከከርከሮ ደግማ አረጋግጣ እሷም ገባች።

«ቀጣይ! አያ ጅቦ!» አለ ከርከሮ ቁጥሩን እየነካ። «ጠዋት ‹አቤት› ብለኸኛል፤ ድምፅህ ግን ቀጥኖብኝ ነበር። ጉንፋን ነው?»

«እኔ? ዛሬ?» አለ አያ ጅቦ።

አንድ ስልክ ጮኸ። የአያ ጅቦ አውራ ግን መዳፉ ላይ ዝም እንዳለ ነው። ጩኸቱ የመጣው ከኋላው፣ ከእመት ቀበሮ ቅርጫት ውስጥ ነበር፤ አጠገቡ ካለው ዛፍ ወፎቹ በሙሉ ብር ብለው ሲነሱ አያ ጅቦ ድምፁን ለየው። ያ የፕላስቲክ ጀርባ ያለው ምክትል ነው፤ ቁጥሩም እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ቀበሮ በጉበት ስርቆት ከዚህ ድግስ ከታገደች ቆይታለች፤ ዛሬ ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

«ቁጥሩ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ቀበሮ ናት እኮ! አትታይህም?»

«እኔ የታዘዝኩት የጮኸ ስልክ እንዳስገባ ነው» አለ ከርከሮ። «መልክ ለይ የሚል ትእዛዝ የለኝም።»

«የኔ ግን አውራው ነው! ሦስት ዓይን አለው! ጨረቃን ያቀርባል!»

«እንግዲያው ጨረቃ ትጋብዝህ» አለና ከርከሮ በሩን ዘጋው።

አያ ጅቦ ጆንያውን እንደያዘ በእሾህ አጥሩ ዙሪያ ተንከራተተ። ከአጥሩ መሐል በተገኘች አንዲት ቀዳዳ አውራውን አነጣጠረ። እውነትም ስልኩ አላሳፈረውም። የሩቁ ድግስ ተንደርድሮ አፍንጫው ላይ መጣ። ጎድኑ ላይ የሚንጠባጠበው ስብ አንድ በአንድ ይታያል። ቀበሮ አንድ ወፍራም ጭን ይዛ፣ አጥንቱን ለስንቅ ወደ ቅርጫቷ ስትጥል ይታያል። አያ ጅቦ መስታወቱን ላሰው። መስታወቱ መስታወት መስታወት ይል ነበር። ባዶ እጁን ላለመመለስ ብቻ ያየውን ሁሉ ፎቶ አነሣው።

እመት ጅቢት ዋሻው ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ከሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። ጆንያው ሲወዛወዝ አይታ ባዶ መሆኑን አወቀች፤ እሱም ዓይኗን ማየት አልቻለም። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። የሚሰጣት ነገር ቢያጣ ስልኩን ዘረጋላት።

«እይው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎድኑ እንዴት ጥርት ብሎ እንደወጣ።»

እመት ጅቢት ፎቶውን አየችው። አፍንጫዋን ወደ መስታወቱ አስጠጋች፣ ደጋግማ አሸተተች፣ ቀና አለች።

«ምስሉስ ግሩም ነው» አለችው። «ሽታውን ግን ቀንሰውበታል።»

የክረምቱም ዝናብ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ የገዛነው ዕቃ ምን ምን እንደጎደለው ከመቁጠራችን በፊት እኛ ምን ጎድሎን እንደገዛነው ማስታወስ እንዳለብን ነው።